የሹፌሩ እንቅልፍ

አካሉ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ታንቆ ነቃ። ያነቀው ሰው አልነበረም፤ ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮውን የሞላው ኮምጣጣ ነገር ነው። ተፈናጥሮ ተቀመጠ፤ አፉን በረገደ፤ አየር ግን አልገባ አለው። አንዴ ሞከረ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። በአራተኛው ፉጨት የመሰለ ድምፅ እያሰማ ትንሽ አየር ገባለትና ሳል ተከተለው። ሳሉ ከደረቱ እስከ ጆሮው ሥር እያቃጠለ ወጣ።

ሚስቱ ሥርጉት መብራቱን አብርታ ጀርባውን መምታት ያዘች። "በስመ አብ በል! አካሉ፣ በስመ አብ በል እንጂ!"

እሱ በስመ አብ ሊል ቀርቶ ምራቁን መዋጥም አቅቶታል። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ግድግዳውን እያየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የልቡን ምት ይቆጥራል። ልቡ ትመታለች። እስካሁን ትመታለች። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ጋደም አላለም፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑ ሲከደን እየባነነ፣ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ እያመሰገነ አነጋው።

ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሌሊት በመጣ ቁጥር ያ ነገር ይመጣል።

አካሉ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሹፌር ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ወደ እንጦጦ ከሚንጠላጠልበት ሰፈር፣ አሥራ ሦስት ልጆች በየበራቸው እየለቀመ ጠዋት ቁልቁል ያወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ መልሶ ያወጣል። ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ አንዲት ዶሮ ገጭቶ አያውቅም፤ እሱ እንደሚለው። አንዲት ዶሮማ ገጭቷል የሚሉ አሉ፤ ይሁንና ባለቤቷ ራሷ ጥፋቱ የዶሮዋ ነው ብላ መስክራለታለች። የሰፈሩ እናት ሁሉ ለእሱ ልጇን ስትሰጥ ዞር ብላ አታይም። ከእናት ይህን ያህል አመኔታ ያገኘ ሹፌር ሌላ ምን ይፈልጋል?

ማታ ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ካሉት ካፌዎች የአንዱን ሠራተኞች ወደ ከተማ ያወርዳል። ቤቱ የሚገባው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ሌላው ጿሚ ዘጠኝ ሰዓት ሲል አፉን ያብሳል፤ አካሉ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገትሮ ልጆች ይጠብቃል። ከዚያ ማውጣት፣ ከዚያ ፓርክ። ስለዚህ የእሱ ጾም የሚፈታው ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶውን የዋለ ሆድ ደግሞ ትንሽ አይልም፤ የሚፈላ ሽሮ በእንጀራ፣ ቃሪያው በላዩ፣ አዋዜው በጎኑ፣ ድንቹ ለማስከተያ። እጁን ታጥቦ ሳይደርቅ አልጋው ላይ ይዘረራል።

ይህን ሁሉ የበላውን ሆድ ማንም አልጠረጠረውም። ሥርጉት በሽታውን ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ አውቃዋለች፤ ዱካክ ነው። ዱካክ ማለት በእንቅልፍ ላይ መጥቶ ደረት ላይ ተቀምጦ ሰው የሚያፍነው ነው፤ መልኩን ያየው የለም፣ ክብደቱን ግን የሚናገር ሞልቷል። ትራሱ ሥር ቢላ ሸጎጠችለት። ከእንጦጦ በሁለት ሃይላንድ ጸበል አስመጥታ ጠዋት ጠዋት ረጨችው። ለቃጠሎው ደግሞ ተልባ ወቅጣ፣ በትልቁ ጣሳ በጥብጣ፣ ልክ ሊተኛ ሲል ታጠጣዋለች። እሱም እሺ እያለ እስከ አተላው ጭልጥ አድርጎ ይጋደማል። ዱካኩ ቢላውንም አልፈራ፣ ተልባውንም አልጠላ፤ እንደውም ከተልባው በኋላ ቶሎ ይመጣል።

አካሉ ዱካክ ነው አላለም። የእሱ ጥርጣሬ የባሰ ነው። ሰርፀ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንድ ማታ ራቱን በልቶ፣ "ደኅና እደሩ" ብሎ ገባ፤ ጠዋት ቁርስ ቀርቦ ቢጣራ፣ ቢጣራ፣ ዝም። ሃምሳ ዓመቱ ነበር። ምን ገደለው ሲባል ለቀስተኛው ሁሉ "ልቡ ነው" አለ፤ የመረመረው ግን የለም። አካሉ በመጪው ሰኔ ሃምሳ ይሞላዋል። ደረቱ መሀል ያ እሳት በተነሣ ቁጥር የሚታየው የወንድሙ አልጋ ነው፤ ያ በደንብ የተስተካከለ ብርድ ልብስ፣ ያ ምንም ያልተንፈራገጠበት አንሶላ። እውነቱን ለመናገር አካሉ ቃጠሎውን አልፈራም። የፈራው መተኛትን ነው። ማታ መብራት ላጥፋ ስትለው "ቆይ እስቲ" ይላል፤ እንደ ልጅ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብሎ ለሌላው የሚመክር እሱ ነበር። የራሱ ሲመጣ ግን ደበቀ። ሐኪም ቤት ሄዶ "ልብህ ነው" ቢባልስ? ወሬው ከእሱ ቀድሞ ኮብልስቶኑን ይወጣል። ልቡ የታመመ ሹፌር ጋር ልጁን የሚያሳፍር ማን አለ?

አንድ ቅዳሜ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ ሰፈሩ ያለችው ፋርማሲ ገባ። እዚያ የምትሠራው ሐቢባ ሽሮፑን ልታወርድ እጇን ከሰቀለች በኋላ መልሳ አወረደችው።

"ሳሉ ቀን ነው ማታ የሚብስብዎት?"

"ማታ።"

"ሲተኙ?"

"ስተኛ።"

"ጠዋት አፍዎን ይኮመጥጥዎታል? ድምፅዎስ ይጎረንናል?"

አካሉ ከኋላው ሰው እንዳለ ዞር ብሎ አየ። "ማን ነገረሽ?"

"ሳልዎ ነዋ የነገረኝ። ራት ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?"

"አራት ሰዓት። ጾም አይደል?"

"የሚተኙትስ?"

"አራት ተኩል።"

ሐቢባ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። "ጋሼ፣ ይኼኮ ቃር ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው። ጆግ እስከ አፉ ሞልተው ቢያጋድሙት ምን ይሆናል?"

"ቃርማ አውቃለሁ። ቃር ያቃጥላል እንጂ ሰው አያንቅም።"

"ሲጋደሙ ጉሮሮ ድረስ ይመጣል፤ ያኔ ያንቃል።" ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችለት። "ራትዎን ቀደም ያድርጉት። ከበሉ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይቆዩ አይጋደሙ። ቃሪያና አዋዜውን ይተዉት። ሊተኙ ሲሉ የሚጠጡት ነገር ካለም፣ ተልባም ቢሆን፣ ይቅር፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ምን ይጠቅምዎታል? ሲተኙ ከወገብዎ በላይ ከፍ ይበሉ። ይኼ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ፤ ደረት ሲያቃጥል ዝም አይባልም፣ ልብም ሊሆን ይችላል።"

ከዚህ ሁሉ ምክር አካሉ ሁለቱን ብቻ ይዞ ወጣ። "ልብ" የምትለዋን ሆዱ ውስጥ ቀበራት፤ ለሥርጉትም አልነገራት። "ከፍ ይበሉ" የምትለዋን ግን ወደዳት፤ ጾም አታስፈታ፣ ሥራ አታስቀይር፣ ካርድ አታስወጣ፣ ወረፋ አታስይዝ። እንዲህ ያለ ቀላል መድኃኒት ከየት ይገኛል?

ሦስት ትራስ ደርቦ ሞከረው። አንገቱ ታጠፈ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተንሸራቶ ወርዶ እንደልማዱ ታንቆ ነቃ። በማግሥቱ ሌሊት፣ ሌላ ዙር ከታነቀ በኋላ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግቢ ወጣ። የእንጦጦ ብርድ ፊቱን ገረፈው። ሚኒባሱ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ብርዱን ለመሸሽ ብቻ ብሎ ገባና የሹፌር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መደገፊያውን ትንሽ ወደ ኋላ አጋደለው። እጁ በልማድ መሪውን ያዘ። ደረቱ ውስጥ ያለው እሳት ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሲሄድ ተሰማው።

ሲነቃ የቅዳሴ ድምፅ ከሩቅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሌሊቱ አልቋል። አልታነቀም፣ አልሳለም፤ አፉም አይኮመጥጥም። አካሉ መሪውን ሳመው። ሹፌር መሪውን ሲስም ያየ ሰው ቢኖር አብዷል ይል ነበር፤ ይበል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራቱን ይበላል፣ ተልባውን ይጠጣል፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሥርጉት ነገሩ አልዋጥልሽ አላት።

"ሰው አልጋ እያለው መኪና ውስጥ ያድራል? ጎረቤት ምን ይለኛል? አባረረችው ነው የሚሉት!"

"ዱካኩን ነው ያባረርሽው በያቸው።"

ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ውስጥ የተሳቀው ያን ጊዜ ነው።

አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይኼ ነው። ራቱ አሁንም አራት ሰዓት ነው። እንቅልፉም ቢበዛ ለአራት ሰዓት ያህል ነው፤ እሱም ታጥፎ፣ ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ እየተጋጨ። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ገላ እንደ ልጅ ነው፤ ያስለመዱትን ይጠይቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ወንበር ለአካሉ ገላ "ንቃ" የሚል ቦታ ነበር። አሁን በየሌሊቱ "ተኛ" ብሎ አስተማረው፤ ገላውም ቶሎ ተማረ። ጠዋት ገብቶ፣ ጀርባው የወንበሩን ጎድጓዳ አግኝቶ፣ መዳፉ መሪውን ሲጨብጥ የዓይኑ ቆብ ይከብዳል። መጀመሪያ ቀን አዛጋና ሳቀ። ሁለተኛ ቀን መስኮት ከፈተ። ሦስተኛ ቀን ፊቱን በጠርሙስ ውኃ እያራሰ ነዳ።

ልጆቹ ጋቢና ውስጥ እንዲቀመጡ አይፈቅድም፤ ከርሆቦት በቀር። ርሆቦት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኋላ ከተቀመጠች ያስመልሳታል። እናቷ አሳየችና አባቷ ሁለቱም ጴንጤ ናቸው፤ የቤታቸው ሥርዓት ጥብቅ ነው። ገበታ ቀርቦ አባት ዓይኑን ሲጨፍን ሁሉም ይጨፍናል፤ አሜን እስኪባል ድረስ የሚናገር የለም፣ የሚያይም የለም። ርሆቦት አንድ ጊዜ በአንድ ዓይኗ ሰርቃ አይታ ተቆጥተዋታል፤ ከዚያ ወዲህ ቅንድቧ እስኪጨማደድ ድረስ ግጥም አድርጋ ነው የምትጨፍነው።

አንድ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ አንድ ሲኖትራክ ድንጋይ ሊያራግፍ መንገድ ዘጋ። አካሉ ቆሞ ጠበቀ። ልጆቹ ኋላ እየተንጫጩ ነው። ከዚያ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የክላክስ ጩኸት ሲሰማ ብርግግ አለ። ሲኖትራኩ ሄዷል፤ ከኋላው አምስት መኪና ተሰልፏል። ርሆቦት አንገቷን ቀና አድርጋ ታየዋለች።

"ጋሼ፣ እየጸለዩ ነው?"

አካሉ ሲጸልይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ነው። ግን ልጅቱ በሩን ከፍታለታለች፤ ገባ።

"አዎ፣ የኔ እናት። እየጸለይኩ ነው።"

"ለእኛ ነው?"

"ለእናንተ ነው።"

ፊቷ በራ። ወደ ኋላ ዞራ፣ "ጋሼ ለእኛ እየጸለዩ ነው! ሲጸልዩ እንዳትረብሹ፣ እሺ?" አለች። ትልልቆቹ ሳቁባት። አካሉም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ውሸቷ ትንሽ ናት፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ያቺን ቅጽበት አሰላሰለ። መኪናው ቆሞ ነበር እንጂ! እየሄደ ቢሆንስ?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሌሊት መተኛት ይፈራ የነበረው ሰው አሁን ቀን እንዳይተኛ መፍራት ጀመረ። ሎሚ ገምጦ ነዳ፤ ቃሩ ተነሣበት። ቡና ደራርቦ ጠጣ፤ እሱም አቃጠለው። ጭኑን እየቆነጠረ ነዳ፤ ጭኑ ጠቆረ። የሚያድነው የልጆቹ ጫጫታ ብቻ ነበር። ድሮ "ኧረ ዝም በሉ!" ይላቸው የነበረውን አሁን እንዲጮኹ ይጸልይ ጀመር፤ ይህ እንኳ እውነተኛ ጸሎት ነው። አንዳንድ ጠዋት ግን ጫጫታው በመሀል ቀጥ ይልና ለጥቂት ጊዜ ትንፋሽ አይሰማም። ከዚያ እሱ ብንን ይላል፤ ጫጫታውም ይመለሳል። ለምን እንደሚቆም አልጠየቀም። መጠየቅን ፈራ።

ለሥርጉት ሊነግራት ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋ። ለፋሲካ በዓል ትምህርት ቤት ሊዘጋ የቀረው አሥር ቀን ነው፤ አሥር ቀን እንደምንም ይገፋል፤ ከዚያ ይተኛል፣ ከዚያ ይታከማል፣ ከዚያ ሁሉም ይስተካከላል። ሰው ራሱን ሲያታልል የሚቆጥረው ቀን ሁልጊዜ ጥቂት ነው።

አንድ ጠዋት አሳየች ልጇን ስታሳፍር በሩን ይዛ ቆመች።

"ጋሽ አካሉ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎት። ርሆቦት ነግራኛለች።"

ወደ እሷ ዞረ። "ምን ብላ?"

"በየቀኑ እየጸለዩላቸው ነው አሉ። እኔ በሌላ መኪና ብሰጣት ቀኑን ሙሉ ሐሳብ ይበላኝ ነበር። እርስዎ ጋ ስትሆን ግን አርፌ ሥራዬን እሠራለሁ።"

በየቀኑ። ልጅቱ በየቀኑ ብላለች። እሱ የሚያውቀው ያቺን አንዷን ነው፤ የሲኖትራኩን። ሌሎቹን ቀናት ማን ነበር የነዳው? ምላሱ አፉ ውስጥ ዞረች፤ "አሳየች፣ አትስጪኝ፣ ልጅሽን ውሰጃት" ልትል ጫፍ ደረሰች። "አሜን" አለ። በሩ ተዘጋ።

ያን ዕለት ማታ አልበላም ብሎ ወሰነ። እስከ አምስት ሰዓት ታገሠ፤ ረሃቡ አንገዳገደው፤ ሥርጉት አሞህ ነው ብላ ልታለቅስ ሆነ፤ በላ። መቼም ዕድል አይቀርም፣ ያን ሌሊት ወንበሩም ከዳው። ቃሩ ተቀምጦም መጣበት፤ ሦስት ጊዜ ታንቆ መኪናው ውስጥ ተንደፋደፈ። ሊነጋጋ ሲል ለሁለት ሰዓት ያህል ሸለብ አደረገው። ጠዋት መስታወት ውስጥ የሰርፀን ፊት ያየ መሰለው። ልጆቹን አልወስድም ብሎ ስልኩን አነሣ፤ ለማን እንደሚደውል ግራ ገባውና አስቀመጠው። አሥራ ሦስቱም በየበራቸው ቦርሳቸውን አዝለው ይጠብቁታል። ሄደ።

አሥራ ሦስተኛውን ልጅ ሲያሳፍር ያስታውሳል። የቁልቁለቱን መጀመሪያ ያስታውሳል። ከዚያ መንገዱ ቀጥ አለለት፤ ሰፊ ሆነ፤ ኮብልስቶኑ አስፋልት ሆነ፤ አንድም ሰው የለበት፣ ደረቱም አያቃጥለው፤ እንዲህ ያለ መንገድ ነድቶ አያውቅም። በሕልሙ እየነዳ ነበር።

ግንባሩ መሪው ላይ ሲጋጭ ነቃ።

ጸጥታ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ከፊቱ በመስታወቱ የሚታየው መንገድ ሳይሆን አሸዋ ነው። አንድ ቤት የሚሠራ ሰው ከመንገዱ በግራ በኩል፣ ዳር ላይ አንድ መኪና አሸዋ አስደፍቶ ሰንብቷል፤ ሚኒባሷ መንገዱን አቋርጣ፣ የሚመጣ መኪና ቢኖር በምትላተምበት በኩል አልፋ፣ አሁን አፍንጫዋን አሸዋው ውስጥ ቀብራ ቆማለች። አካሉ በግራ መስኮቱ ወደ ታች አየ። መሬት የለም። የባሕር ዛፍ ጫፍ ይታያል፤ ከዚያ በታች ወንዙ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ይሰማል።

የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበው። ልጆቹ! አንድም ድምፅ የለም። ጩኸት ቢሰማ፣ ለቅሶ ቢሰማ ደስ ባለው፤ ምንም የለም። ወደ ጎን ለመዞር አንገቱ እምቢ አለው። ዞረ።

ርሆቦት መዳፏን ከመዳፏ አጋጥማ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ግጥም አድርጋ ጨፍናለች።

ስፖኪዮውን ቀና አድርጎ ወደ ኋላ አየ። አሥራ ሁለቱም ጨፍነዋል። ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ትልቁ፣ ትንሹ፤ አንዳንዱ እጁን አመሳቅሎ፣ አንዳንዱ ቦርሳውን አቅፎ። የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ሳይቀር። የተቆጣቸው የለም፣ ያስገደዳቸውም የለም፤ ጋሼ ሲጸልዩ ዝም ማለትን ለምደውታል። ከዚያ ሁሉ ሰው መንገዱን ያየ አንድም አልነበረም።

"ጋሼ፣" አለች ርሆቦት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በሹክሹክታ፤ "አሜን እንበል?"

በአካሉ ጉሮሮ ያ ኮምጣጣ ነገር እንደገና ወጣ፤ ዋጠው።

"ግለጡ፣" አለ። "ዓይናችሁን ግለጡ። ማንም ወደ ግራ እንዳይሄድ። በቀስታ፣ አንድ በአንድ፣ በቀኝ በሩ።"

እሱም በልጅቱ በኩል፣ በጋቢናው በር ወጣ። ልጆቹን ከመንገዱ ማዶ ካለው የድንጋይ አጥር ሥር አሰለፋቸው። ቆጠራቸው፤ አሥራ ሦስት። ደግሞ ቆጠራቸው። ሦስተኛ ሲቆጥር ትልቁ ልጅ ወደ መኪናዋ፣ ከመኪናዋም ወደ ገደሉ አየና ማልቀስ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ርሆቦት ግን አላለቀሰችም፤ መጥታ የአካሉን እጅ ያዘች።

በሌላው እጁ ስልኩን አወጣ። የመጀመሪያው ስም የአሳየች ነው። ከሌሊቶቹ ሁሉ፣ ከመታነቁም፣ ከወንድሙ አልጋም ይልቅ ያንን ስም ፈራው። ደወለ።

"አሳየች፣ እኔ ነኝ፣ አካሉ። ልጅሽ ደኅና ናት። ሁሉም ደኅና ናቸው።"

"ደኅና ናት" ተብሎ የሚጀመር ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማታውቅ እናት የለችም። "ምን ሆነች? ምን ሆናችሁ?"

"እየነዳሁ ተኛሁ። መኪናዋ አሸዋ ላይ ወጥታ ቆመች። ማንም አልተነካ።"

ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ግን እንደ ቸር ሰው ነው የጠየቀችው። "አሞዎት ነው?"

"አሞኛል። ሌሊት ቃር አያስተኛኝም፤ ያንቀኛል። ቀን ደግሞ መሪ ላይ ይጥለኛል።"

"ዛሬ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው?"

አዎ ማለት ይቻል ነበር። አዎ ቢላት ታምነዋለች፤ ምናልባት ታዝንለታለች። የሰፈሩ እናቶችም "ደክሞት ነው፣ እግዜር አወጣቸው" ይላሉ፤ ከበዓሉ በኋላ ልጆቻቸውን ይሰጡታል። ወደ ልጆቹ አየ።

"አይደለም፣" አለ። "ስንት ቀን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። ልጅሽ እየጸለዩ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። ጸሎት አይደለም፤ እንቅልፍ ነው። እነሱ ግን እንዳይረብሹኝ ዝም ይሉልኝ ነበር። ዓይናቸውን ይጨፍኑልኝ ነበር።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ከጆሮው አንሥቶ አየው። አልተቋረጠም።

"ርሆቦት የት ናት?" አለች አሳየች።

"እዚሁ አጠገቤ ናት። እጄን ይዛለች።"

"እጇን ይልቀቁልኝ።" አልጮኸችም። "መጣሁ። እስክመጣ ድረስ እጇን ይልቀቁልኝ።"

አካሉ ጣቶቹን ፈታ፤ እጁን ከልጅቱ እጅ አወጣ። ርሆቦት እናቷ ያለችውን አልሰማችም። እጇን ሰድዳ እጁን ፈለገችና መልሳ ያዘችው።